የማይበላ ነፍስ

ወጥመዱን ከኩሬው ስስበው ከበደኝ።

«ጭቃ ነው» አለች ከኋላዬ የቆመችው ሊንዚ። በመንግሥት የውሃ እንስሳት ጥበቃ ሥራ አለቃዬ ናት፤ የፈራችው ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ ጭቃ ነው ትላለች።

ጭቃ አልነበረም። የሽቦው ሆድ በክሬይፊሽ ተሞልቷል። ጣት የሚያህሉ፣ ቡናማ፣ ከፊት ሲያዩዋቸው ሸርጣን፣ ከኋላ ሲያዩዋቸው ጊንጥ የሚመስሉ የወንዝ ፍጥረታት ናቸው። እርስ በርስ ተቆላልፈው፣ መቆንጠጫቸውን ከፍተው፣ ጭራቸውን እያራገቡ ከውሃ በመውጣታቸው የተቆጡ ይመስሉ ነበር። ካልጋሪ ውስጥ ኖዝ ክሪክ የሚባለው ጅረት ከገቡ ቆይተዋል። ከኦኮቶክስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ኩሬ ግን ማንም አይቷቸው አያውቅም።

ምልክቱን ቀደም ብለን ማየት ነበረብን። በውሃ ውስጥ ሣር ተሸፍኖ የነበረው የኩሬው ዳር ራቁቱን ቀርቷል። ቀንድ አውጣዎቹ አልቀው ባዶ ቅርፊታቸው ጭቃው ላይ ተበትኗል። ዳርቻው በትናንሽ ጉድጓዶች ተበሳስቶ ውሃው ወተት እንደነካው ሻይ ደፍርሷል። ክሬይፊሽ መጥፎ ፍጥረት አይደለም። በዚሁ አልበርታ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በራሱ ወንዝ ሲኖር ማንንም አያስቸግርም። ሰው አንሥቶ ሌላ ወንዝ ሲጨምረው ግን የሚያቆመው የለም፤ ሣሩን፣ ቀንድ አውጣውን፣ የዓሣውንም የእንቁራሪቱንም እንቁላል ይጨርሳል።

«በባልዲ አምጥቶ የደፋ ሰው ነው» አልኳት። «ሁሌም እንደዚህ ነው። ሰው አያስብም።»

«ይህን ቦታ ማን ይጠቀምበታል?»

«አንድ ቤተ ክርስቲያን ይከራየዋል። የእኛ።»

«የእኛ» ማለቴን ራሴ ሰምቼ ደነገጥኩ። ሃሊፋክስ ለትምህርት ሄጄ ስንት ዓመት ስቆይ አንድም እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። ካልጋሪ የተመለስኩት ለአንድ ሰመር ኮንትራት ነው፤ ሻንጣዬ በአጎቴ ምድር ቤት ውስጥ እንደተቆለፈ ነበር። እሁድ እሁድ ከእነሱ ጋር የምሄደው የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ፣ እንዳይከፋቸው ብቻ ነው። ሲዘምሩ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ።

ሊንዚ ከኩሬው ወደ ወንዙ የምትወርደውን ጠባብ ቦይ እያየች ነበር። «እዚህ ብቻ ከሆኑ ዕድለኞች ነን» አለች። «ቦዩን በመረብ እንዘጋለን፣ እስከ መስከረም እያጠመድን እንጨርሳቸዋለን። ወንዙ ውስጥ ካሉ ግን በዚህ ሳምንት መድረስ አለብን። እናቶቹ አሁን ልጆቻቸውን ከሆዳቸው ሥር ተሸክመዋል። አንዴ ከለቀቋቸው ማንም አይሰበስባቸውም። ማን እንዳመጣቸው፣ የት የት እንደጨመራቸው ማወቅ አለብኝ።»

* * *

ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር፣ ቤት ስደርስ ጋሼ አባይነህ ገበታ ላይ ነበሩ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከአዲስ አበባ አምጥተው ከልጃቸው ሳይለዩ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለሆኑ ሰመር ሲመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሬው ያለበትን ግቢ ሣር የሚያጭዱትም እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ኩሬ ውስጥ ምን እንዳገኘን ይዩ» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው በራ።

«ጎሽ! ተርፈዋል ማለት ነው!»

«ምን አሉ?»

«የዳግ ጊንጦች እኮ ናቸው! ተባዝተዋል! ነይ እይ አንቺ፣ ያልሽው ቀረ፤ አልሞቱም!»

ባለቤታቸው እትዬ የዓለምወርቅ ከኩሽና ብቅ ብለው ፎቶውን አዩና ለማማተብ ጥቂት ቀራቸው፤ ጴንጤ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው እጃቸውን መለሱት። «ምግብ ላይ ይሄን ታሳየኛለህ?»

ጋሼ ነገሩን ሲያጫውቱኝ የጎረሱትን እስኪውጡ አልጠበቁም። ጎረቤታችን ዳግ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ክረምት ክረምት በረዶውን የሚጠርጉለት ጋሼ ናቸው። ዳግ ደግሞ ውለታ የሚረሳ ሰው አይደለም። ኖዝ ክሪክ ያጠመደውን ክሬይፊሽ ከነሕይወቱ በነጭ ባልዲ ሞልቶ ይዞላቸው መጣ። ቅቤ ቀልጦ ሲፈስበት ከውዱ የባሕር ምግብ ከሎብስተር አይተናነስም ብሎ እንዴት እንደሚቀቀል ሳይቀር አስረዳቸው።

«አልፈልግም አይሉትም ነበር?»

«ሰው በእጁ ይዞ በርሽ ላይ ቆሞ? እንዴት ተብሎ!» አሉ ጋሼ። «ተቀበልኩ። አመሰገንኩ። አገባሁት።»

«አገባኸው!» አሉ እትዬ። «ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ ነው ያልኩት። ከመታጠቢያው ገንዳ ወጥቶ ፎጣዬ ላይ ሲሄድ ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«መብላትስ?»

«በጸጋ ነን፣ ኦሪት አልፏል ብዬ ስንቴ አስተምሬያለሁ» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «ሆዴ ግን ገና ትምህርቱን አልጨረሰም። እግሩን ስቆጥር ተውኩት።»

«ታዲያ ገድለው አይጥሉትም?»

ሳቃቸው ቆመ። «ለምን? የማይበላ ነፍስ በከንቱ ይጠፋል እንዴ? ዶሮ ሳርድ እንኳ ስም ጠርቼ ነው። ውሃ ነው አገሩ፣ ውሃ ወሰድኩት።»

ዳግ በሳምንቱ እንዴት ነበር ሲላቸው «ቬሪ ጉድ» አሉት። ሰውየውም ደስ ብሎት በየሁለት ሳምንቱ ባልዲውን እየሞላ ያመጣላቸው ጀመር።

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሣሩን፣ ቀንድ አውጣውን፣ እንቁላሉን። በሕይወት ያለ ክሬይፊሽ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑን፤ ያጠመደው ሰው እዚያው መግደል እንዳለበት። «ወራሪ ዝርያ ነው የምንለው» አልኩ።

«መጤ ነው በይኛ» አሉ እትዬ። «እንደኛው።»

«እኛ የማንንም እንቁላል አልበላንም» አሉ ጋሼ። ግን አልሳቁም። እንጀራውን ገፋ አደረጉ። «ምጽዋት ሰጠሁ ብዬ መርዝ አጠጣኋቸው በይኛ። ምሥራች፣ ያችን አለቃሽን አምጫት። የማውቀውን እነግራታለሁ።»

* * *

ሊንዚ በማግስቱ ከሥራ በኋላ መጥታ መኪናዋን ከዳግ ቤት ፊት ፓርክ አደረገች። ጋሼ ሱፍ ለብሰው ከረባት አስረው ጠበቋት። እትዬ ሳምቡሳ ጠብሰው ጠረጴዛውን ሞልተውታል።

«እንግሊዝኛ የለኝም በያት» አሉኝ።

እንዳሉት ነገርኳት። እውነት ግን አልነበረም። ጋሼ በከተማው አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት፤ ሰካራም አባብለው የሚያስወርዱት በእንግሊዝኛ ነበር። በመንግሥት ሥራ ላይ ባለ ሰው ፊት ግን ግማሽ ቃል አይናገሩም። የተሰበረ ቋንቋ ሰውየውንም የተሰበረ ያስመስለዋል ባይ ናቸው። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ በባንክም በሐኪም ቤትም አፋቸው እኔ ነበርኩ። እኔ ሃሊፋክስ ሳለሁ ሥራው ካልጋሪ ለተወለደችው ለልጃቸው ለናሆሚ ደርሶ ነበር። «ጉልበቴን አመመኝ ብላት ዶክተሩ ጆሮዬን አይቶ ሰደደኝ» ብለው ለሰው ሁሉ ያወራሉ። ስመለስ ከሁሉ ይልቅ የተደሰቱት በዚህ ነው።

የዳግን ነገር ነገሯት፤ ተረጎምኩ። ሊንዚ ፈገግ አለች። ኩሬው ውስጥ እንደጨመሯቸው ነገሯት፤ ተረጎምኩ። ሊንዚ ጻፈች።

«ኋላ ግን» አሉ ጋሼ «አንዲት ባለ ረጅም እግር ወፍ መጥታ አንድ በአንድ ስትለቅማቸው አየሁ። አሳዘኑኝ። ለወፍ ቀለብ ነው እንዴ ያመጣኋቸው? ከዚያ ወዲህ ያመጣሁትን ወንዙ ውስጥ ነው የጨመርኩት። እኛ የምናጠምቅበት ጋ፣ ውሃው የሚያርፍበት። ደጋግሜ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳለው ባውቅ አላደርገውም ነበር። ይህን ንገሪያት።»

ሊንዚ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ፊቷ ደግ ነው። ልጅ ተረት ሲያወራ የሚጠብቅ ሰው ፊት። ጋሼን በእሷ ዓይን አየኋቸው፤ በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰሩ፣ ባልዲ ሙሉ ጊንጥ እያንጠለጠሉ ለወፍ አንሰጥም ብለው ወንዝ ለወንዝ የሚዞሩ ሽማግሌ። ቀጥሎ ራሴን አየሁ፤ ትናንት ሰው አያስብም ያልኩትን። ላብ አጠመቀኝ።

«ወፍ እየበላቸው ሲያይ አዘነ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ስለዚህ ማምጣቱን ተወ።»

«ኩሬው ብቻ ነው እንግዲህ?»

«ኩሬው ብቻ።»

ሻይ ሊያነሡ የዘረጉት የጋሼ እጅ መንገድ ላይ ቆመ። አዩኝ። ሰምተዋል፤ እንደሚሰሙም አውቃለሁ። ግን ልጃቸውን በእንግዳ ፊት እንደማያዋርዱም አውቃለሁ። በዚያ ተማምኜ ነው የዋሸሁት። ዓይናቸውን ቀድመው የሰበሩት እሳቸው ሆኑ፤ ሳህኑን አንሥተው ለሊንዚ ሳምቡሳ ጨመሩላት።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ ከረባታቸውን እየፈቱ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ቆምኩ። ሕጉን ፈርቼልዎት ነው ልላቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

«ደክሞሻል» አሉኝ። «ሂጂ አረፍ በይ።»

ለእሳቸው ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። አፍሬባቸው ነው።

* * *

ቦዩን በመረብ ዘጋነው። መረቡን ያሰረችው ሊንዚ ራሷ ናት፤ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው በጣቷ እየዳሰሰች። ወጥመዶቹ በየቀኑ እየሞሉ ይወጡ ነበር፤ ቀጥሎም እየቀነሱ መጡ። ሊንዚ ደስ አላት። «አጎትሽ ባይነግረን ኖሮ አልቆብን ነበር» አለችና አንድ ካርቶን ዶናት ገዝታ ላከችላቸው።

ጋሼ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡት። ጣፋጭ ይወዳሉ፤ እትዬ ስኳር እየደበቁባቸው ነው የሚኖሩት። ያን ካርቶን ግን አልከፈቱትም። ናሆሚ አንድ ስታነሣ «ተይው» አሏት።

«ኋይ? ሊደርቅ ነው እኮ ዳዲ!»

«የኔ አይደለም።»

ደረቀ። እትዬ ጣሉት።

እኔ በበኩሌ ከሥራ በፊት በራሴ መኪና ወደ ወንዙ መሄድ ጀምሬ ነበር። አሮጌ ወጥመድ ከመጋዘን ወስጄ ከማጥመቂያው ጥግ፣ ከዛፍ ሥሮች መሐል ሰወር አድርጌ አስሬያለሁ። ብቻዬን እጨርሳቸዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልቃል ብዬ። ድንጋይ እያነሣሁ በእጄም ፈለግሁ። እዚያ ጥግ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሽሎከለኩ ትናንሽ ዓሦች አሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠሩ መሐል ነው። አንዱን ድንጋይ ሳነሣ አንዲት ክሬይፊሽ እንቁላሉ ላይ ተቀምጣ ስትበላ አገኘኋት። ገለበጥኳት። ከሆዷ ሥር ልጆቿ እንደ ሰሊጥ ተጣብቀው ይንቀሳቀሳሉ።

በአንድ ወጥመድ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ለሊንዚ ዛሬ እነግራታለሁ አልኩ። ቢሮ ስደርስ ስለ መረቡ እያወራች ትስቅ ነበር፤ ነገ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ።

ጋሼ አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ የሣር ማጨጃውን ሲያጸዱ ጠሩኝ።

«ልጅቷን ለእሁዱ ጥምቀት ጠርቻታለሁ። ዳግ ደውሎ ነገረልኝ፤ ስልኳን መኪናዋ ላይ አይቶት ነው።»

«ሊንዚን? ለምን ጋሼ?»

«ዶናት ልካልኝ ዝም ልበላት? በግ አለ፣ ትብላ።» ጨርቃቸውን አጠፉ። «እስከ እሁድ ቀን አለ፣ ምሥራች። ብዙ ቀን አለ።»

የቀሩትን ቀኖች ግን እኔ ስጨርሳቸው ጥቂት ሆኑ።

* * *

እሁድ ፀሐይ ነበር፤ ወንዙ ግን የተራራውን በረዶ ይዞ ይወርዳል። ፓስተር ነቢዩ በነጭ ልብሳቸው ሥር የዓሣ አጥማጅ ረጅም ቦቲ አድርገው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ምእመናኑ ዳር ዳሩን ይዘው ይዘምራሉ። ጋሽ ዘነበ፣ ጆሯቸው የደከመ አባት፣ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ዝምታ በመጣ ቁጥር «አሜን» ይላሉ። ሊንዚ በአበባ ቀሚስ መጥታ ከእትዬ ጎን ቆማለች፤ እትዬ ነጠላቸውን ግማሹን አልብሰዋታል።

እኔ ከማጥመቂያው ጥግ ዓይኔን አላነሣሁም። ወጥመዴን ትናንት ፈትቼ ወስጃለሁ።

ሁለት ሰዎች ተጠምቀው እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ሦስተኛዋ ናሆሚ ናት።

«ግቢ እንጂ፣ ናሆሚ!» አለ ፎጣ የያዘው ያቤጽ፤ የወጣቶቹ መዘምራን መሪ ነው። «ሲቀዘቅዝ ኃጢአት ቶሎ ይለቃል!»

«ሻት አፕ ያቤጽ፣ ያንተን ብናጥብ ወንዙ ይደፈርስ ነበር!»

ሰው ሳቀ። ገባች። ጉልበቷ ድረስ፣ ወገቧ ድረስ፣ እየጮኸች እየሳቀች። ፓስተር ነቢዩ እጃቸውን አነሡ። የዚያን ጊዜ ነው ጩኸቷ የተለወጠው።

«ኦ ማይ ጋሽ! የሆነ ነገር ያዘኝ! ዳዲ! ያዘኝ!»

«በኢየሱስ ስም!» አሉ እትዬ።

ናሆሚ የቀሚሷን ጫፍ ከውሃ አወጣችው። ቡናማ፣ እርጥብ፣ በአንድ መቆንጠጫው ነጩን ጨርቅ ነክሶ እየተወዛወዘ ተንጠለጠለ።

«ፓስተር፣ ጋኔኑ ወጣ!» አለ ያቤጽ። ሳቁ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ጋሽ ዘነበ «አሜን» አሉ።

ሊንዚ አልሳቀችም። የእትዬን ነጠላ ቀስ ብላ ከትከሻዋ አውርዳ መለሰችላቸው። ከነጫማዋ ወርዳ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ከጀርባው ይዛ አላቀቀችው፣ ገለበጠችው። አጠገቧ ስደርስ ከሆዱ ሥር አሳየችኝ። እናት ናት። የእንቁላሎቹ ክር ብቻ ቀርቷል። ልጆቿን ለቃለች።

«መረቡ ነው» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። «አንድ ቦታ ቀዳዳ ትቻለሁ። እኔ ነኝ ያሰርኩት። እኔ ነኝ።»

ሁለት እጇን ጭቃ ውስጥ ከትታ ያንን መረብ ስትዳስስ ያየኋት ሴት ናት ይህን የምትለው። ሳቁ ቆሟል። ሰው ሁሉ ያያል።

«ምሥራች» አሉ ጋሼ። ከኋላዬ ወርደው ነበር፤ የጥቁር ሱፋቸው እግር ውሃ ውስጥ ነው። «ተርጉሚልኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

ፊታቸውን ወደ ሊንዚ አዙረው፣ ድምፃቸውን ለሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርገው ተናገሩ። «ወንዙም ውስጥ ጨምሬ ነበር። እዚሁ ቦታ። ያን ቀን ልነግርሽ ረሳሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ይረሳል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በዪኝ በያት።»

ከዳር ያሉት ሴቶች በርኅራኄ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሼ አባይነህ ረሱ፤ እርጅና መጣባቸው። ነገ በየቤቱ የሚወራው ይህ ነው። ጋሼ ለዳግ «ቬሪ ጉድ» ካሉት በቀር ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። አሁን በማጥመቂያው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ በምእመኑ ሁሉ ፊት፣ ለእኔ ዋሹ። ማድረግ ያለብኝ እንዳለ መተርጎም ብቻ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ቀላል ትርጉም ተሰጥቶኝ አያውቅም።

«ያን ቀን ነግሮሻል» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ወንዙን፣ ይህንን ጥግ፣ ሁሉንም። ያልተረጎምኩልሽ እኔ ነኝ። መረብሽ ቀዳዳ የለውም።»

«እንዲህ አላልኩም» አሉ ጋሼ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ።

«አዎ። አላሉም።»

ሊንዚ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች። ያልኩትን ሰምተው መልስ እንደሰጡኝ ገባት። «እንግሊዝኛ ትሰማለህ?» አለቻቸው።

ጋሼ ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። «አውቶቡስ ነበር የምነዳው፣ ሚስ» አሉ በእንግሊዝኛ። «እሰማለሁ።»

ሁለታችንም በዚያ ሳሎን፣ ሳምቡሳውን መሐል አድርገን፣ እያወቅን ዝም እንዳልናት በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁ። ዝምታቸው ለእኔ ነበር፤ አሁን ግን አብረውኝ ያፈሩት እሳቸው ናቸው። መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም። እግሬ ሥር ያለው ጠጠር ብቻ ነው።

ሊንዚ አልተናገረችኝም። ለእሳቸው ብቻ «ከየት እስከ የት?» አለች።

«ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ዛፍ» አሉ ጋሼ።

«ምንድን ነው የተባለው?» አሉ እትዬ ከዳር። «ምሥራች! ልጅቷ ለምን ተቆጣች? ይቅርታውን አልነገርሻትም እንዴ?»

ለሊንዚ መናገሩ ቀላል ነበር። በእንግሊዝኛ ስናገር ሌላ ሰው የሚናገርልኝ ይመስለኛል። ዳር ላይ የቆሙት ግን በልደቴ የደወሉልኝ፣ ሃሊፋክስ ድረስ በርበሬ የላኩልኝ፣ ስመለስ «ኩራታችን፣ የተማረችው ልጃችን» ብለው መድረክ ላይ አውጥተው የጸለዩልኝ ሰዎች ናቸው። ያን ዕለት ዓይኔን ጨፍኜ መቼ ነው የሚያልቀው ስል ነበር።

ፊቴን ወደ እነሱ አዞርኩ።

«ጋሼ አልረሱም» አልኩ። «ቤት ስትመጣ በትክክል ነግረዋታል። ቆርጬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በእሳቸው አፍሬ ነው። በዚህ ምክንያት ጊዜው አልፏል፤ የክሬይፊሾቹ ልጆች ወንዙ ውስጥ ተበትነዋል።»

ያቤጽ ፎጣውን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ነበር። እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አሜን» አሉ ጋሽ ዘነበ።

ማንም አልሳቀም። ናሆሚ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «ሶ… እኔስ? ልጠመቅ ወይስ ልውጣ?» አለች። ፓስተር ነቢዩ ሊንዚን አዩ፤ ሊንዚ ትከሻዋን ሰበቀች። ቶሎ አጠመቋት። ስትወጣ እኔን ሳታየኝ በአጠገቤ አለፈች።

ሊንዚ ከመኪናዋ ወጥመዶቹን ታወጣ ጀመር። ስልክ ደውላ ሰው ጠርታለች፤ እስኪመጡ መጠበቅ አልፈለገችም። ያቤጽና ጓደኞቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ተሰለፉላት፤ አንዳንድ ወጥመድ ሰጠቻቸውና የት እንደሚጥሉት በእጇ አሳየቻቸው። እኔም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። አለፈችኝ። የመጨረሻውን ለጋሼ ሰጠቻቸው።

ትልቁ ወጥመድ ነው፤ በሁለት ሰው ካልሆነ አይጣልም። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ሊንዚን አይተው፣ ወጣቶቹን አይተው፣ ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ የወጥመዱን አንድ መያዣ ዘረጉልኝ።

«ያዢ እንጂ።»

ያዝኩ። ውሃው ውስጥ ገባን። ከዛፉ ሥር፣ ወጥመዴን ሸሽጌበት ከነበረው ቦታ ላይ ስንደርስ ቆም አሉ። የፈታሁት ገመድ ቁራጭ አሁንም ሥሩ ላይ ታስሮ ነበር። አዩት። ወጥመዱን እዚያው ጎን አወረድነው።

«ነገ ለዳግ እነግረዋለሁ» አሉ፣ ቀና ብለው ወገባቸውን እየያዙ። «አንድም ቀን እንዳልበላሁለት።»

«ልምጣ ጋሼ?»

«አይ» አሉ። «እሱን በራሴ እንግሊዝኛ ነው የምነግረው።»